ሜዲስን ይደርሰኛል ወይ?

ዛሬ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ከቆቦ ደወለች። ቀለሜ ናት። ሰላምታውን ሳትጨርስ «አያ፣ ሞዴል ላይ 412 አመጣሁ። ሜዲስን ይደርሰኛል ወይ?» አለችኝ። አክስቴ ከኋላ «ዶክተሬ በላት!» እያለች ትጮሃለች። ልጇን የሾመቻት ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ሰፈሩም ደም ግፊቱን የምትለካለትን ቀን እየጠበቀ ነው።

እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ማትሪክ ላይ ከ600 ግማሹን ማምጣት ነው። ግማሽ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ተፈታኝ ነው። ያን ስታልፍ የሚደርሳት ፍሬሽማን እንጂ ሜዲስን አይደለም። የዲፓርትመንት ምደባ ላይ የፍሬሽማን ጂፒኤዋ ከማትሪኩ ጋር ይታያል። ደሴም ብትመደብ ጎንደር፣ የሜዲስን ቦታ ውስን ነው፤ ቦታውን የሚሻሙትም በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። 412 ጥሩ መነሻ ነው፤ ለሜዲስን ግን ገና ይቀራል አልኳት።

«ኬሚስትሪው ነው የጎተተኝ» አለች። ጥቅምትና ኅዳርን ማማ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ነበረች።

ለኛ ለራያ ሰው ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳው ሰማዩን አልብሶ ይመጣል፤ አንድ ቀን ማማው ባዶ ከዋለ የዓመት እንጀራ የለም። ስለዚህ ልጅ ወንጭፉንና ጅራፉን ይዞ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔም የዞብልን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ እዚያው አድጌያለሁ። ፔሪዮዲክ ቴብሉን ምሰሶው ላይ አስሬ «ሶዲየም» ስል መንጋው ያርፋል፤ አባርሬ ስመለስ ነፋስ ወረቀቱን ለጎረቤት ማሳ ሰጥቶታል። እዚያ ማሳ ያለው ልጅ ከማማው ላይ «ማግኒዥየም!» ብሎ ይጮህልኛል። ስንት ሳቅን!

ያ ልጅ የተሰበረ የፍየል እግር በሸንበቆ አስሮ የሚያስኬድ ልጅ ነበር። ትምህርት ስንመለስ ግን አንድ መምህር ክፍሉ ፊት አቁሞን «ወፍ ጠባቂ ሶሻል ይግባ» አለ። ልጁ ገባ። ናቹራል ሳይገቡ ሜዲስን የለም፤ የእሱ ዕድል ያን ቀን አለቀ። መምህሩን ስሙን አልጠራም፤ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወፍ የጠበቀው ቤተሰቡ እንዲበላ ነው። የሚያሳፍረው ምኑ ነው?

ከኛ በኋላ የመጡት ደግሞ የባሰ አዩ። የ2013 ተፈታኞችን እንውሰድ፤ ሌላው አገር ሲፈተን ቆቦ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ እነሱ በጥር 2014 በሁለተኛው ዙር ተፈተኑ። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽም የጀመረው እዚያው ቆቦ ግንባር ነው።  እነዚህ ልጆች ናቸው ቤቱ ድረስ አስጠኚ ከሚመጣለት የአዲስ አበባ ልጅ ጋር በአንድ ቁጥር የሚለኩት። እኔ የአዲስ አበባውን ልጅ አልከስም፤ እሱም ለፍቶ ነው። ግን ሁለት ወር ማማ ላይ ውላ 412 ያመጣች ልጅ ማንበቢያ ጊዜ ብታገኝ የት ትደርስ ነበር? ይሄን የሚጠይቅ ፎርም የለም። ምጥ የጠናባትን ሴት ከቆቦ ወልድያ ድረስ ሲያመላልሱ ያየች ልጅ ሐኪም ብትሆን ለዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅም የለም። ይሄ ነው የሚቆጨኝ!

አሁን ወደ ሥራ። ወልድያና ደሴ ያላችሁ የኬሚስትሪና የሜዲስን ልጆች፦ ያመለጧት አሲድ ቤዝና ኤሌክትሮኬሚስትሪ ናቸው። ኔትወርክ ሲኖር ማታ ማታ በስልክ የሚያስረዳት ሰው እፈልጋለሁ። ካርዱን እኔ እሞላለሁ። ታናሽ ወንድሟም ዘንድሮ አሥረኛ ነው፤ ለመጪው ጥቅምት ማማ ላይ የሚውል ሰው መቅጠሪያውን ከአሁኑ እናዋጣ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።