ፊቱን የተከናነበው ዓባይ

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ይዘን ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር ቁጭ አልን። ፎቶግራፎቹን ስናገላብጥ ሮም፣ ፒያሳ ናቮና አደባባይ ያለ ሐውልት አገኘን። ቤርኒኒ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1651 ያለቀ ነው። አራት የእብነ በረድ ሰዎች አለት ላይ ተቀምጠዋል። አራት ወንዞች መሆናቸው ነው፦ ዳኑብ፣ ጋንጀስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ፣ የእኛው ዓባይ። ከሥራቸው ዘንባባና ውሃ የሚጠጣ አንበሳ አለ። የሦስቱ ፊት ይታያል፤ ዓባይ ብቻ በጨርቅ ተከናንቧል። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው።

እንዴ! አልን። ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 አይደለም እንዴ? ያውም ሐውልቱ ከማለቁ 33 ዓመት በፊት! የአገሩ ሰውማ ቀድሞውንም ያውቀዋል፤ ጠበሉ ነው። የነጭ ዓባይ ምንጭ ያኔ ለአውሮጳ ጨለማ ነበር፣ እሺ። የእኛው ግን ታይቷል። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1649፣ ሐውልቱ ገና ሲሠራ፣ አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ሮም ነበሩ። ከጀርመናዊው ሊቅ ከሉዶልፍ ጋር የተዋወቁትም ያን ጊዜ ነው። ጠራቢዎቹ ጎራ ብለው ቢጠይቋቸው ምን ነበረበት?

እኛ እንዲህ ስንቆጣ አንድ የዶርማችን ልጅ ዝም ብሎ ጠጠር ወደ ውሃው ይወረውራል። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልነው።

«እኔ የሰከላ ልጅ ነኝ» አለ። «ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ማናችሁ ስለ ምንጩ ጠየቃችሁኝ?»

አፈርን። ቀስ እያለ ነገረን፤ ሣርና ረግረግ መሐል ያለች ትንሽ የውሃ ዓይን፣ ጠበል ሊቀዳ የሚመጣው ሕዝብ፣ ከዚያ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና የሚወርደው ውሃ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኛ ግን ዓባይን በየቀኑ እያየን ምንጩን አላየንም።

ሥዕል የሚሞክረው ጓደኛችን ለከተማችን የሚሆን የዓባይ ሐውልት በእርሳስ ነደፈ። ታንኳውን፣ ደንገሉን፣ ጥቁሩን ድንጋይ ሁሉ ከፊታችን እያየ ሣለው። ፊቱ ጋ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ምነው?» አልነው።

«መጀመሪያ ሄደን እንየው» አለ።

ለሚመጣው ዕረፍት የመኪና ገንዘብ ማዋጣት ጀምረናል። መሪያችን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።