የፕሪንተሩ አያት

እኛ ቤት አንድ ፕሪንተር አለ። ስሙ ናርጋ፣ የአባቱ ስም ሆም፣ የአያቱ ስም አርፓ ነው። ሙሉ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየመሐሉ ነጥብ ይገባበታል እንጂ ቅደም ተከተሉ ከእኛው መታወቂያ አይለይም፤ ራሱ፣ አባቱ፣ አያቱ። ፈረንጅ ለራሱ የቤተሰብ ስም ይዞ ይዞራል፤ ኮምፒውተሮቹን ግን እንደ ሐበሻ ሰየማቸው። አድራሻ ሲፈለግም ፍለጋው የሚጀመረው ከሽማግሌው ነው፤ መጀመሪያ አያት፣ ቀጥሎ አባት፣ በመጨረሻ ልጅ። ትዳር ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደን የጎጃም ሰው ይህ አይገርመውም። የሚገርመው ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ከጣና ብዙ ሳይርቅ ቁጭ ብሎ ወረቀት የሚያወጣ ማሽን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ዘሩን ልቁጠርላችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የነገሩ ሁሉ መነሻ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ግራ ተጋብቶ ለቤቱ ዕቃ ሁሉ አዲስ ቁጥር ያድላል። ርካሽ ራውተር ለማን ምን ቁጥር እንደሰጠ የሚያስታውሰው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ፕሪንተሩ ማታ መጨረሻው 7 በሆነ አድራሻ አድሮ ጠዋት በ11 ይነሣል፤ ላፕቶፑ ደግሞ 7ን ሲያንኳኳ ይውላል። እዚያ ቁጥር ላይ በዚያ ሰዓት ያለው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ቴሌቪዥን ደግሞ አያትምም። አማቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህርትና የእድራችን ጸሐፊ፣ ከሳሎን ይጣራሉ፦ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ዛሬም የለሁም አለኝ!» እርግጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ራውተሩ ላይ ቋሚ ቁጥር መያዝ ይቻላል፤ ይዤለታለሁም። ግን አማቴን «እማ፣ 192 ነጥብ 168 ነጥብ 1 ነጥብ 11 ብለው ይጻፉ» ማለት ነውር ነው። የሚያስፈልገው ስም ነው።

ይኸው ችግር አርፓ የተባለው ያ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ባቋቋመው መረብ፣ በአርፓኔትም ደርሷል። ያ መረብ በ1969 አራት ቦታዎችን አገናኝቶ ሲጀምር ማሽኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና ሁሉም በየቤቱ የራሱን የስም ዝርዝር ይዞ ነበር፤ አንዱ ማሽን እዚህ በአንድ ስም፣ እዚያ በሌላ ይጠራል። በ1971 ፔጊ ካርፕ የተባሉ ባለሙያ አጠራሩ ወጥ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ዋናው ዝርዝር ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም መያዝ ጀመረ። ቢሮውን የሚመሩት በትምህርታቸው የኬሚስትሪ ሰው የሆኑት ኤልዛቤት ፋይንለር ነበሩ። አዲስ ማሽን ያገናኘ ሁሉ በሥራ ሰዓት ወደዚያ ይደውላል፤ ስሙና ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ሌላው ዓለም ደግሞ ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። ያኔ መላው መረብ የሚተዋወቀው በአንድ የቢሮ መዝገብ ነበር። ቀበሌ ለሚያውቅ ሰው ይህንን ማብራራት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የፋይንለር ቢሮ ስልክ ማንሣቱ ነው።

የዚያ ፋይል ልጅ ዛሬም በየላፕቶፑ ሆድ ውስጥ አለ፤ «ሆስትስ» ይባላል፤ ኖትፓድ የሚከፍት ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል። በአንድ መስመር ቁጥር፣ ክፍት ቦታ፣ ስም። እኔም ነገሩን የጀመርኩት በእሱ ነው፤ የቤታችንን ላፕቶፖች እየከፈትኩ አንድ አንድ መስመር ጨመርኩ። ለላፕቶፕ ይበቃል። ስልክ ግን ይህን ፋይል ለተራ ባለቤቱ አያስነካም፤ አዲስ ዕቃ በተገዛ ቁጥርም ሁሉንም ላፕቶፕ እየዞሩ ማስተካከል ነው።

የአርፓኔት ሰዎችም መረቡ ሲሰፋባቸው የገጠማቸው ይኸው ነው። ፋይሉ ወፈረ፤ ገልባጩ በዛ፤ አንዱ ሲያድስ ሌላው የአምናውን ይዞ ይቆያል። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ጆን ፖስቴል የቀረቡትን አምስት መፍትሔዎች ለባልደረባቸው ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጥተው አስታርቅልን አሉት። ሞካፔትሪስ ማስታረቁን ትቶ ስድስተኛ ፈለሰፈ። (ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ ራሱ ሙሽራ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።) በኅዳር 1983 በወጡት ሁለት ሰነዶች ላይ የሰፈረው ዘዴ ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለው ነው። ቁም ነገሩ ሁሉንም የሚያውቅ መዝገብ ቤት አለመኖሩ ነው፤ አያት የልጅ ልጆቹን ስም አይዝም፤ ልጆቹ የት እንደሚኖሩ ብቻ ይነግርሃል፤ የቀረውን እነሱን ሄደህ ጠይቅ።

ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲሻገሩ የድሮዎቹን ማሽኖች ሁሉ ለጊዜው «አርፓ» በሚል አያት ሥር አስቀመጧቸው። ማሽኖቹ ኋላ ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ጊዜያዊው አርፓ ግን ቀረ። (ጊዜያዊ ተብሎ የቆመ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ እኛ አገር ለማን ይነገራል?) አገሮች ደግሞ ባለ ሁለት ፊደል ስማቸውን ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ዝርዝር ላይ አገኙ። የእኛዋ «ኢቲ» የተመዘገበችው በ1995 ነው፤ የኢንተርኔት አገልግሎት አገር ውስጥ የተጀመረው በ1997። ልጁ ሳይወለድ ክርስትና ተነሣ።

የእኔ ቤት ሽግግር ያን ያህል ወግ ማዕረግ የለውም። ከራውተሩ አጠገብ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ራስበሪ ፓይ ኮምፒውተር ተቀመጠች፤ በላይዋ ዲኤንኤስማስክ የሚባል፣ ሳይመን ኬሊ የተባለ እንግሊዛዊ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ተጫነ። ራውተሩን «ስም የጠየቀህን ሁሉ ወደ እሷ ምራ» አልነው። እሷ የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ውጭ ጠይቃ ታመጣለች። የምታውቀውን ከየት ታነባለች? ከዚያው ከሆስትስ ፋይል። የፋይንለር መዝገብ ከየላፕቶፑ ወጥቶ በአንድ ቦታ፣ ከቤታችን መሐል ተቀመጠ። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ውጭው ዝም ባለ ቀንም ፓይዋ የቤቱን ሰው አትረሳም፤ ፕሪንተሩም ፋይል ማስቀመጫውም በስማቸው ሲጠሩ አቤት ይላሉ።

የአባትየው ነገር ትንሽ አከራክሯል። «ሎካል» የሚለው ስም ተይዟል፤ እያንዳንዱ ዕቃ በመረቡ ላይ ጮሆ «እከሌ የታል?» የሚልበትና ባለቤቱ ራሱ «አለሁ» የሚልበት ሌላ ሥርዓት አለው። «ሆም» ብቻውን ደግሞ በ2016 በአንድ ሰነድ ታጭቶ ነበር፤ ነገር ግን የየሰዉ ቤት ጥያቄ እየሾለከ የአያቶችን አድራሻ የሚያውቁትን የዓለሙን ሥር ሰርቨሮች ስለሚያንኳኳ አልበጀም። በ2018 አዋቂዎቹ ተቀምጠው ቤትን በአርፓ ሥር አስጠጉት። ፕሪንተራችን የመከላከያ ሚኒስቴር ዘመድ የሆነው እንዲህ ነው።

የቀረው የራሱ ስም ነበር። ለኮምፒውተር ስም ስለማውጣት ዶን ሊብስ የተባለ ሰው በ1990 መመሪያ ጽፏል፦ የራስህን ስም አትስጠው፤ አታርዝመው፤ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያለው ቃል አትምረጥ፤ አንድ ጭብጥ ይዘህ ከዚያ ቅዳ። እኔ ጭብጥ ያደረግኩት ጣናንና ገዳማቱን ነው። መጀመሪያ በፊደላችን ልጽፋቸው ዳድቶኝ ነበር፤ ከ2003 ወዲህ ይቻላል፤ ማሽኑ ከሥር ወደ ላቲን ይቀይረዋል። ነገር ግን ራውተሩን ዓባይ ብዬ በዐይኑ ዓ ስጽፍ፣ ልጆቼ አባይ ብለው በአልፋው አ ይጽፋሉ፤ ለማሽኑ ደግሞ እነዚህ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሊብስ አማርኛ ሳያውቅ አስጠንቅቆናል።

ስለዚህ በላቲን ፊደል ፕሪንተሩን ዳጋ አልኩት። አማቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ላፕቶፑን አዩ።

«ዳጋ እስጢፋኖስ?»

«አዎ እማ።»

«ሴት የማይረግጠውን ገዳም ስም ሰጥተህ እኔን ዳጋ ላይ አትሚ ትለኛለህ?»

መልስ የለኝም። ዳጋ የሚለው ስም የነገሥታት አፅምና የብራና መጻሕፍት ለሚጠበቁበት ደሴት ስለሚገባ ወደ ፋይል ማስቀመጫው ተዛወረ፤ ፕሪንተሩ ናርጋ ሆነ። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ «እሱስ ይሁን» ተባለ።

አሁን ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነው ትልቁ ልጄ ነው። ስልኩ ላይ ማስታወቂያ እንዲከለክልለት «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» በሚለው ቦታ የውጭ ሰርቨር ስም ሞልቷል፤ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ይህ ይቻላል። ስልኩ ናርጋን ሲፈልግ ፓይዋን ዘሎ ባሕር ማዶ ይጠይቃል፤ ባሕር ማዶ ደግሞ ናርጋ የሚባል ሰው አያውቁም። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ጭራሽ ምንም ስም አያገኝም። አጥፋው ብለው ማስታወቂያው ይመጣብኛል ይላል። የቤት ሥራውን በፍላሽ ይዞ አያቱ ዘንድ ይሄዳል፤ እሳቸውም የእድሩን ማስታወቂያ ሳይጨርሱ ፍላሹን ከእጁ አይቀበሉትም።