ሁለት ዐዋቂ፣ ሁለት ሕፃን

በአማርኛችን «ቅንጦት» የሚለው ቃል ያለ ተግሣጽ ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም። ልጆች ሳለን የቀረበልንን ትተን ሌላ ስናማርጥ «ምን ያቀናጣሃል!» ተብለናል፤ አድገንም የሰው ቤት ሰፋ፣ መኪናው ረዘመ ሲባል «ቅንጦት ነው» ብለን አልፈናል። ሌሎች ቃሉን በወርቅ ቀለም ጽፈው በር ላይ ይሰቅሉታል፤ እኛ ዘንድ ግን ጣት የሚቀሰርበት ቃል ነው። እንግዲህ እኔ፣ ቀን የባንክ መስኮት ጠባቂ፣ ማታ ገጣሚ ነኝ ባይ፣ ላለፉት ሦስት ወራት በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ «ለቤተሰብ ተስማሚ የሆነ ቅንጡ ሆቴል» ሳፈላልግ አመሸሁ ስል አንባቢ ፊቱን እንዳያጠቁርብኝ ምክንያቱን ላስቀድም።

እኅቴ አሜሪካ ከገባች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጥገኝነት ጠይቃ፣ መዝገቧ በወረፋ ብዛት ለዓመታት ተኝቶ፣ በመጨረሻ ተፈቀደላት። ይሁን እንጂ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የዚያን አገር ዜግነት ሳያገኝ ወደ ሸሸው አገር ቢመለስ ያገኘውን መብት አደጋ ላይ ይጥላል። እናታችን ደግሞ ያን ያህል ረጅም በረራ ተቀምጣ ለመጓዝ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። ሁለት የልጅ ልጆቿን፣ የዘጠኝ ዓመቱን ወንድና የስድስት ዓመቷን ሴት፣ የምታውቃቸው በስልክ መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚገቡበት ሦስተኛ አገር ያስፈልጋል። እንዲህ በሰው አገር የሚገናኙ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ናይሮቢና ካምፓላ፣ ዱባይም ስንቱን እንባ አይተዋል! ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማትጠይቅ ምርጫው ወደ እርሷ አዘነበለ። ባሕሩን የጨመረችው እኅቴ ናት።

«ናይሮቢ ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቃቅፈን ስናለቅስ እንዳንከርም፤ ልጆቹም የሚጫወቱበት ይሁን» አለችኝ። ቀጥላም «እማዬን አንድ ጊዜ ላቀናጣት» አለች።

ያን ግሥ እንዲህ ያለ ተግሣጽ ስሰማው የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በመስኮቴ በኩል ሲከፈል ስንት ዓመት አየሁ። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍባት መስመር አለች፤ ሰው ሁሉ «የቤተሰብ ድጋፍ» ብሎ ያልፋታል። ወረፋው ሲረዝም ከሚወራው እንደምሰማው ግን መድኃኒት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ተዝካር ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «ለመዝናኛ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኅቴም በአረጋውያን መጦሪያ በሁለት ፈረቃ እየሠራች የምትልከው ለዚያው ነበር። አሁን የዐሥር ሌሊት የሆቴል ሒሳብ ልክፈል ብላ ምርጫውን እኔ ላይ ስትጥለው፣ የእያንዳንዱ ሌሊት ዋጋ ስንት ፈረቃ እንደሚሆን በልቤ መመንዘር ጀመርሁ። የእኛ ድርሻ የአውሮፕላን ትኬት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘልሎ ሄደ። የእኅቴ ዶላር አዲስ አበባ ሲደርስ ያብጣል፤ የእኔ ደመወዝ አውሮፕላን ሲሳፈር ይኮሰምናል።

መጀመሪያ የተጣላነው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ሁሉ ከእማዬ ጾም ጋር ይጋጫል። ልጆቹ በታኅሣሥ ሲለቀቁ ጾመ ነቢያት ነው፤ እነርሱ ገናን አክብረው ሲጨርሱ ለእርሷ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀራታል። የጸደይ ዕረፍታቸው አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። ሰኔ ጾመ ሐዋርያት፤ ነሐሴ ፍልሰታ። እነዚህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስምሬ ሳያቸው አንዲት ቀዳዳ ተገኘች፦ ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በመካከላቸው 25 ቀናት አሉ። የኬንያ ጠረፍ ዋነኛው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ስለሆነ በሐምሌ አብዛኛው አልፏል፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው፣ የአገሩ ሰዎች «ኩሲ» የሚሉት ነፋስ ሙቀቱን ያለዝበዋል። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጭቃና ከጋቢ ሥር ወጥተን እንሄዳለን። (በካርታ ላይ እኛም የሐሩር ክልል ሰዎች ነን፤ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ይህን ማን ያምናል!)

ለእኔ ቢሆን ዛንዚባርን በመረጥሁ ነበር። የአብዱልራዛቅ ጉርናህ የትውልድ ደሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመ ደራሲ ልጅ ሆኖ የሮጠባቸውን ጠባብ መንገዶች መርገጥ እንደ እኔ ላለው ምኞት ነው። ነገር ግን ጉዞው የእኔ አይደለም። ሲሸልስን ዋጋዋን አይቼ በዝምታ ዘጋኋት። ቀልቤ ያረፈው ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲያኒ ላይ ነው። ሞምባሳ ራሷ ደሴት ስለሆነች ወደ ደቡብ የሚሻገር ሰው በሊኮኒ በኩል በትልቁ ጀልባ ያልፋል፤ አሁን በዶንጎ ኩንዱ የተሠራው መንገድ ጀልባ ሳይጠብቁ ለመሄድ ያስችላል። ለእማዬ ይህ ቁም ነገር ነው፤ ጀልባ ላይ መቆም አትችልም። ከባሕሩ ዳር ወዲያ ማዶ የኮራል ዐለት እንደ አጥር ተዘርግቶ ትልቁን ሞገድ ይሰብረዋል። ውኃውም በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በጎደለ ሰዓት አሸዋው እስከ ሩቅ ተገልጦ በየጉድጓዱ የቀረው ውኃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ከውቅያኖስ ጋር የምትተዋወቀው በዚህ ሰዓት ነው።

ቦታው ተገኘ። ሆቴሉ ግን!

የአንዱን ሆቴል ቅጽ ከፈትሁ። ገና ምንም ሳልጽፍበት «ሁለት ዐዋቂ፣ ሁለት ሕፃን» ብሎ ጠበቀኝ። የሌላውንም ከፈትሁ፤ ያው ነው። «የቤተሰብ ክፍል» ማለት አንድ ትልቅ አልጋና ሁለት ትናንሽ አልጋዎች ማለት ነው። እኛ ዘጠኝ ነን፦ እማዬ፣ ያሳደገችን አክስታችን፣ እኅቴና ባሏ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመቷ ልጃችን። ስድስት ዐዋቂ ብዬ ስሞላ ገጹ «ከአንድ በላይ ክፍል ይምረጡ» አለኝና በሦስት ክፍል፣ በሁለት ፎቅ በተነን። «ቤተሰብ» ከግእዙ «ቤተ ሰብእ» የመጣ ቃል ነው፤ የሰው ቤት፣ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ሰው ሁሉ። አክስት ከዚያ ውስጥ ናት። በሆቴሎቹ አቆጣጠር ግን አክስት «ተጨማሪ ዐዋቂ» ናት፤ ለተጨማሪ ዐዋቂ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ አለ።

ከቁጥሩ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ባለ አምስት ኮከቦቹ ሁሉ ለቤተሰብ ተስማሚ መሆናቸውን የሚያስረዱት በአንድ ነገር ነው፦ የልጆች ክበብ አለን ይላሉ። ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ተንከባካቢ ተመድቦላቸው፣ ሥዕል እየሳሉና እየዋኙ ይውላሉ፤ ወላጆች ደግሞ ልጅ በማይገባበት የመዋኛ ገንዳ ዳር ጸጥታቸውን ያጣጥማሉ። ማታም ሞግዚት ይገኛል። ይህን አልነቅፍም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር አብሮ ለከረመ ቤተሰብ መለያየት ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ሆቴሉ የሚሸጠው ቅንጦት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቤተሰቡን ተቀብሎ በዘዴ ይለያየዋል። እኛ ግን መለያየቱን በነጻ አግኝተነዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት ተለያይተናል። የስድስት ዓመቷ ልጅ ከአያቷ ጋር የምትሆንበት ዐሥር ቀን ብቻ ነው፤ አንዲቱ አማርኛ፣ ሌላዪቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ቋንቋ ባይኖር እንኳ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ልትጎነጉን፣ ሽንኩርት ሲላጥ አጠገብ ልትቀመጥ ትችላለች። ቀኑን በክበብ ካዋለቻት ምኑን ተገናኙ?

ከዚህ በኋላ የምርጫ መመዘኛዬ ተገለበጠ። ኮከብ መቁጠር ትቼ የሚከተሉትን መጠየቅ ያዝሁ፤ ዘጠኝ ሰው አብሮ የሚቀመጥበት በረንዳ አለ ወይ? ገበታው ሰፊ ነው? ወጥ ቤት ገብታ አንዲት አሮጊት ብታማስል ማን ይቆጣል? የባሕሩ ድምፅ ከመኝታ ይሰማል? ደረጃ አለው? እና ቡና መቁላት ይቻላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ሆቴሎቹን ግራ አጋባ። አንዱ በየክፍሉ የቡና ማፍያ ማሽን መኖሩን በትሕትና ገለጸልኝ። ሌላው የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል እንደሚጮኽ፣ ደወሉ ያለ አግባብ ከጮኸ መቀጮ እንዳለው ጻፈልኝ። እውነት አላቸው፤ ከሰልና የታሸገ ክፍል አብረው አይሄዱም። ሦስተኛው ግን ጎጆ መሰል ቤቶችን በሰፊ ግቢ ውስጥ የሚያከራይ ሆቴል ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ አብሳይ አለው። መልሱን የጻፈችልኝ ሴት «ምን ያህል ጭስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ አለኝ። ነገሩን በዝርዝር አስረዳኋት። በረንዳው ላይ አይቻልም አለች፤ ጣራው «ማኩቲ» የሚሉት የኮኮናት ዘንባባ ክዳን ነው፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከዛፉ ሥር፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ግን ይቻላል፤ ከሰሉንም እነርሱ ያቀርባሉ። ኬንያም ቡና አብቃይ ናትና ጥሬውን እዚያው እናፈላልጋለን። ጀበናውን እማዬ በእጇ ይዛ ልትሳፈር ቆርጣለች።

ለረቡዕና ለዓርብ ምን ይበላል ብዬ ስጨነቅ ደግሞ የስዋሂሊ ወጥ ቤት ራሱ መለሰልኝ። የዚያ ጠረፍ ሰው ባቄላውንም፣ ሩዙንም፣ ጎመኑንም በኮኮናት ወተት ያበስላል። ወተት ሆኖ የማይፈታ፣ ጾመኛን የማያሳቅቅ ወተት! በትልልቆቹ ሆቴሎች «ሁሉንም ያካተተ» በተባለው ዋጋ ግን እማዬ የዕንቁላሉንና የቅቤውን ቡፌ ሙሉ ሒሳብ ተከፍሎላት ሐብሐብ በልታ ትነሣ ነበር።

ሆቴሉ ቅንጡ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ ነው። ባሕሩ ከግቢው በር ይጀምራል፤ ገንዳ አለው፤ አንሶላው በየቀኑ ይለወጣል። ከግቢው ዛፎች ላይ ደግሞ የእኛው የጉሬዛ ቅርብ ዘመድ የሆነ ባለ ነጭና ጥቁር ፀጉር ዝንጀሮ ይኖራል። መኪና እንዳይገጨው በዋናው መንገድ ላይ የገመድ ድልድይ ተዘርግቶለታል። ሳይንስ ለአገራችኑ ዝርያ ስም ሲያወጣ ቃሉን ከአማርኛ ወስዶ «ጉሬዛ» ብሎታል፤ ይህን ለእኅቴ ልጅ በስልክ ስነግረው ቃሉን ወደዳት፣ አሁን እማዬን ሰላም የሚላት «ጉሬዛ!» እያለ ነው። እርሷም «ጉሬዛ አያትህ» ትለዋለች።

አንድ ነገር ብቻ በምንም ሒሳብ ሊስተካከል አልቻለም። ከዋሽንግተን ወደ ሞምባሳ ቀናው መንገድ በቦሌ በኩል ነው፤ አዳር እንኳ ሳያስፈልግ አውሮፕላን ቀይሮ መሄድ ይቻላል። እኅቴ ግን በዚያ አታልፍም። በዶሃ ዞራ ናይሮቢ ትገባለች፣ ከናይሮቢ ዲያኒ አጠገብ ወዳለው የኡኩንዳ ትንሽ ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን ትመጣለች። የቦሌውን መንገድ ዋጋ አንድ ማታ እንዲሁ ከፍቼ አየሁት፤ ርካሽ ነበር። ስለ እርሱ አልተነጋገርንም።

ቀብዱ ባለፈው ሳምንት ተከፈለ። ቤቱ አራት መኝታ ክፍሎች አሉት፤ ለእማዬ ባሕሩን የሚያየውን መደብኩላት። «ብቻዬን ምን ልሠራ? እኔ ከልጆቹ መካከል ነው የምተኛው» አለችኝ። እንግዲያው ባሕር የሚያየው ክፍል ለሻንጣ ሊሆን ነው። ሴቷ የልጅ ልጅ በእናቷ በኩል «አያቴ ትዋኛለች?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ እማዬ ጥቂት አሰበችና «እግሬን እነክራለሁ በላት» አለችኝ። የሙላቱና የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያልና የሐምሌውን ሰንጠረዥ አትሜ ቤት ከተሰቀለው የባንካችን ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ውኃው የሚጎድልባቸውን ሰዓቶች በቀይ አስምሬባቸዋለሁ።