የአማቴ ድምፅ እና የናስ ቱቦ

የአማቴ ድምፅ እየደከመ ሲሄድ፣ ባለቤቴ የእናቱን ዝማሬ ለልጆቻችን ለማስቀረት ማይክራፎን በእጁ ሊሠራ ተነሣ። የስቱዲዮ ዕቃ በመጋቢ ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። ድምፅ የምትቀበለውን ክፍል ከአሮጌ ቴፕ ፈታት፤ ከጥፍር የማትበልጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በአሜሪካው ቤል ላብስ የፈለሰፏት ዓይነት ናት። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ስትገባ ግን ከዝማሬው ይልቅ የመብራቱ እዝዝታ ጎልቶ ተሰማ።

ፕላስቲክ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን ጫጫታ ያሳልፋል። ብረት ግን ከገመዱ የውጭ ሽቦ ጋር ከተገናኘ ያግደዋል። ስለዚህ ከሐርላ ወደ ከተማ ወርዶ ቶርኖ ቤት የናስ ቱቦ አሠራ፤ አፉንም በሽቦ ወንፊት ሸፈነው። ገንዘቡ ለልጆች ጫማ የታሰበ ነበር። እኅቶች ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ቀን ተኳርፈን በሦስተኛው አብረን ጸለይንና ተስማማን። (በዚሁ በሐርላ አፈር ውስጥ ብርና ነሐስ ይሠሩ የነበሩ የጥንት አንጥረኞች አሻራ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተነግሮ ነበር፤ ባለቤቴ ይህንንም እየጠቀሰ ይከራከረኝ ነበር!)

በዚያው ምሽት እማማን ቀዳናቸው። ስናዳምጥ እዝዝታው የለም፤ መጀመሪያ ትንፋሻቸው፣ ቀጥሎ ሳላቸው፣ ከዚያ መዝሙሩ መጣ። ባለቤቴ ሳሉን ሊቆርጠው ሲል ትልቋ ልጃችን፣ «አባዬ፣ እሱንም ተወው» አለችው።