ይርጋ ያለፈበት ሐቅ

ሕግ የሚያጠና ልጅ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ጥብቅና ሐላል ነውን?» ይላሉ። አዲስ ዓለም ሰፈራችን ነጋዴና ሸማኔ ያፈራ እንጂ ጠበቃ የበዛበት አይደለምና ጥያቄው አያስደንቀኝም። እኔም ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ከሥራዬ አንድ ጉዳይ ብነግራቸው ይሻላል።

በጎንደር በ1940ዎቹ የተከፈተው የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። የግል ኮሌጆችም ተከታትለው ተከፍተዋል። ኮሌጅ ሲባል ሰው የሚያስበው መምህርና ተማሪን ነው። በነገረ ፈጁ ጠረጴዛ ላይ የሚከመረው ግን የኪራይ ውል፣ የግንባታ ክርክር፣ የዲሲፕሊን መዝገብ፣ የጽዳት ሠራተኛና የዘበኛ አቤቱታ ነው።

በ2004 ዓ.ም. በማገለግለው አንድ የግል ኮሌጅ ላይ የቀድሞ ዘበኛው ክስ አቀረበ። የደባርቅ ደገኛ፣ ገብስ አራሽ፣ እምነቱም ክርስቲያን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረባቸው ወራት የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዳልተከፈለው ይናገራል። የተረኞች መዝገቡን አስመጥቼ አገላበጥኩ። ሰውየው አልዋሸም። በጊዜው በሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ሊከፈል ይገባው ነበር።

ዳሩ ግን ሥራውን ከለቀቀ ስምንት ወር ሆኖታል። አባቱ ታመውበት አገሩ ከርሞ ነው የመጣው። በአዋጁ እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። በአንዲት አንቀጽ መቃወሚያ መዝገቡን ማዘጋት እችላለሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይርጋን ዳኛ በራሱ አነሳሽነት አያነሳም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1856 ይከለክለዋል። ተከሳሹ ካላነሳው እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ የዘበኛው ገንዘብ የሚወሰነው ችሎት ከመድረሱ በፊት፣ በእኔና በኮሌጁ ባለቤት መካከል ነበር። ደንበኛዬን ሳላማክር መቃወሚያውን ብተወው ደግሞ አማናን ማጉደል ይሆንብኛል። ቅን መስሏቸው እንዲህ የሚያደርጉ ባልደረቦች አጋጥመውኛል፤ እኔ አልስማማበትም።

ባለቤቱ በጁምዓ አንድ ሶፍ ላይ የምንቆም ሰው ናቸው። ምክሬን በጽሑፍ አቀረብኩላቸው። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ሕጉ ከፈቀደልኝ አንተን ምን ቸገረህ?» አሉኝ።

«ሕጉ መቃወሚያውን እንዲያነሱ ይፈቅድልዎታል እንጂ አያስገድድዎትም። ይርጋው ካለፈ በኋላ መተው እንደሚቻልም አዋጁ ይናገራል» አልኳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንደበቱ ልቆ የሌላውን ሐቅ ያስፈረደ ሰው የተቆረጠለት የእሳት ቁራጭ መሆኑን ያስጠነቀቁበትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስም አወሳሁላቸው።

«እሱ እኮ ሙስሊም አይደለም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መዝገቡ የሚለው ስንት ሌሊት እንዳደረ ነው» ብዬ ወጣሁ። መቃወሚያው ይነሳ ካሉም ሌላ ጠበቃ እንዲይዙ ነግሬያቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የምኖረው በዚያ ደመወዝ ነበርና ሦስቱ ቀናት አጭር አልነበሩም።

በአራተኛው ቀን አስጠሩኝ። ሒሳቡ ተሠርቶ ይከፈለው፣ ጉዳዩም በስምምነት ይዘጋ አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ይህ ለሌላው ልማድ እንዳይሆን» ሲሉ አከሉ።

ዘበኛው ገንዘቡን በሒሳብ ክፍል ፈርሞ ተቀበለ። ሁለቴ ቆጥሮ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ ከእኔ ጋር ያደሩት ሁለቱስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሁለቱ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። በማግስቱ የተረኞች መዝገቡን ይዤ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ተመለስኩ።