መሄድና መመለስ

ኢምባካሲ የናይሮቢ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከከተማው መካከል ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ይሳፈራል። የብዙዎቹ ማታቱዎች ሞተርና ሻንሲ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ቦዲያቸው ግን የሚሠራው በአገሬው ጋራዦች ነው። ባለሙያው ፍሬኑን ሳይነካ የራሱን ቀለም፣ ሥዕልና ሙዚቃ ይጨምርበታል።

ይኸው ልማድ ወደ ስልክ ጨዋታም ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ባስ ሲሙሌተር ኢንዶኔዥያ» የተሠራው የኢንዶኔዥያን ጎዳና ለማሳየት ነበር፤ ኬንያውያን ወጣቶች ግን የማታቱን መልክ ቀርጸው አስገቡበት። እንዲህ ያለው ጭማሪ «ሞድ» ይባላል። ይህኛው ቀላል ዓይነት ነው፤ ጨዋታው ከፋይል የሚያነበው ምስል ይለወጣል እንጂ ኮዱ አይነካም።

ከበድ ያለው ሞድ ግን እስከ ኮዱ ይዘልቃል። ጨዋታ ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ስብስብ ነው። መኪና ሲጋጭ ጉዳቱን የሚያሰላ ክፍል አለ እንበል። ሞድ ሠሪው ያ ክፍል በሜሞሪ ውስጥ የሚጀምርበትን አድራሻ ፈልጎ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች በሌላ ስፍራ ያስቀምጥና በቦታቸው «ወደ አዲሱ ኮድ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ይተካል። ይህ መንጠቆ ነው። ጨዋታው እዚያ ሲደርስ ወደ እንግዳው ኮድ ይሄዳል፤ አዲሱ ሥራ ካለቀ በኋላ የተቀመጡት ትእዛዞች ተፈጽመው ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመለሳል። መመለሻው ከተሳሳተ፣ ወይም ጨዋታው ታድሶ አድራሻው ከተዛወረ፣ ጨዋታው በድንገት ሊቋረጥ ይችላል።

የዚህ ሙያ ፍሬ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሌና ጄስ ክሊፍ በ«ሃፍ ላይፍ» ላይ የሠሩት «ካውንተር ስትራይክ» የተባለ ሞድ፣ በማግስቱ ዓመት ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በ«ማይንክራፍት» ሞዶች ውስጥ የተደበቀ ተንኮለኛ ኮድ የተጫዋቾችን የይለፍ ቃል ሲሰርቅ ተገኝቷል። ሞዱን የጫነ ሰው በሩን የከፈተው በገዛ እጁ ነበር።

እንግዲህ የሌላውን ሥራ የሚለውጥ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት፤ አንደኛው ሥራውን አጥንቶ ማወቅ፣ ሁለተኛው በሩን የከፈተለትን አለመክዳት። ማታቱው ምንም ያህል ቢያጌጥ፣ ተሳፋሪው ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለፍሬኑ ነው።