ትንሹን አቃቂ ተከትሎ በእግር

የሰኞን ፈተና ወይም የሰኞን ፋይል እያሰባችሁ እሑድን ቤት ውስጥ አትጨርሱት። ሩቅ አገር ለመጐብኘት ገንዘብ ባይኖራችሁ የታክሲ ሒሳብ ብቻ ይዛችሁ እስከ መካኒሳ ውረዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ የጫማችሁ ሶል ነው። ዛሬ የምንመራችሁ የትንሹን አቃቂ ወንዝ ዳር ይዞ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ፣ ከላፍቶም ወደ ሐና ማርያም በሚወርደው መንገድ ነው። መንገድ ስንል አስፋልት አይምሰላችሁ። እረኛ፣ አትክልተኛና ጭራሮ ለቃሚ በእግራቸው እየረገጡ ያቀኑት ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ አንዳንድ ቦታ በአጥር ይቋረጣል፣ አንዳንድ ቦታም ገደሉ አላሳልፍ ብሎ ዙሩ ይላችኋል።

አስቀድመን ስለ ወንዙ እንናገር። ትንሹ አቃቂ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ካለው ከፍታ ይነሣል። በገፈርሳ ግድብ በታች አድርጎ፣ በኮልፌ በኩል ወርዶ፣ መካኒሳንና ላፍቶን አቋርጦ፣ በደቡብ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። በምሥራቅ በኩል የሚመጣው ታላቁ አቃቂም እዚያው ያገኘዋል፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ እንደምታውቁት ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። እንግዲህ መካኒሳ ላይ ወደ ወንዙ የተጣለ ነገር መካኒሳ ላይ አይቀርም ማለት ነው።

ከቤቶቹ ጥቂት ራቅ ስትሉ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ጥላ ይቀበላችኋል። ይህን ዛፍ ሁላችንም የአገራችን ተወላጅ አድርገን እናየዋለን እንጂ መጤ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራልያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ ጨርሶ ቈረጠው። እንጨት በመታጣቱም ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ግድም የገባው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገ፤ ተቈርጦ ከጉቶው እንደገና ማቈጥቈጡም ሌላ ሀብት ሆነ። ዋና ከተማችን ከስፍራዋ ሳትነቀል የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዛፍ ነው።

በመንገዳችሁ ላይ ዛፉ ምን ምን እንደሚሆን በዐይናችሁ ታያላችሁ። ወፍራሙ ግንድ ፍልጥ ይሆናል፤ ቀጥ ያለው አጣና ለጭቃ ቤት ግድግዳ፣ ለሕንፃ ሥራም መወጣጫ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ጭራሮ ነው፤ ቅጠሉ ምጣድ ያሰማል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው አፍልቶ ይታጠነዋል። ነገር ግን ከሥሩ ሣር ፈልጉ ብትባሉ እምብዛም አታገኙም። ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል። ከወንዙ አፋፍ የቀሩትን አኻያና ሾላ ስታዩ የዱሮው ወንዝ ዳር ምን ይመስል እንደ ነበር ትገምታላችሁ።

ከዛፎቹ ዝቅ ሲል በወንዙ ግራና ቀኝ የአትክልት መደብ አለ፤ ቆስጣው፣ ጎመኑ፣ ሰላጣው አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። ከሩቅ ሲያዩት ልብ ይማርካል፤ ሲቀርቡት ግን አፍንጫ ይመሰክራል። ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ወደ አቃቂ ይገባል። ተመራማሪዎችም በዚህ ውሃ በሚጠጡ አትክልቶች ውስጥ ለጤና የማይበጁ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል።

አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ መደቡን ሲኰተኵቱ አግኝተን፣ «አባባ፣ ይህ ውሃ አያስፈራዎትም?» አልናቸው። ቀና ብለው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ስንጀምር እኮ ከዚህ ውሃ እንጠጣ ነበር። ያበላሸነው እኛ አይደለንም፤ የምንከሰሰው ግን እኛ ነን» አሉን። ቀጥለውም፣ «አሁን ወንዙ ይጸዳል፣ ዳርቻው መናፈሻ ይሆናል ይባላል። እሰይ፣ ይጽዳ። ከጸዳ በኋላ እኔ የት እቆማለሁ ብዬ ግን እጠይቃለሁ» አሉ።

ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳርቻ ማልማት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ማውጣት ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ መልካም ነው፤ በከተማችን ከመኪና ተለይቶ የሚሄድበት መንገድ ያጣ እግረኛ ሁሉ ይናፍቀዋል። ይሁን እንጂ ዳርቻው አበባ ለብሶ ውሃው እንደ ጠቈረ ቢቀር፣ ወይም ውሃው ጠርቶ በዳርቻው ለፍቶ የኖረው ሰው ቢረሳ፣ ሥራው በግማሽ ቀረ ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ነገ የውሃ መሐንዲስ፣ የጤና ባለሙያ፣ የክፍለ ከተማ ሹም የሚሆን አይጠፋምና፣ ይህን ነገር ቢሮ ገብታችሁ በወረቀት ከማየታችሁ በፊት በእግራችሁ እዩት የምንለው ስለዚህ ነው።

ጉዞውን ጨርሳችሁ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ አረፍ በሉ። ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ በስተሰሜን እንጦጦ፣ በስተምዕራብ ወጨጫ፣ በስተደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በስተምሥራቅ የረር ይታያሉ፤ በደቡብም በርቀት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ዝቋላ ብቅ ይላል። በወጨጫ ማዶ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወንዝ ዳሩን የለመደ እግር ለከርሞ እዚያ ይውጣ፤ ዝግባና ጽድ እንዴት ያለ ጥላ እንዳላቸው ያያል።

ለመንገዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ከመስከረም በኋላ ሂዱ፤ በክረምት ወንዙ ድንገት ይሞላል፣ አፋፉም ይናዳል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ በጠዋት ተነሡ፤ ሳይመሽም ተመለሱ። የሚጠጣ ውሃ ከቤታችሁ ያዙ፤ ከወንዙ እጃችሁን እንኳ አትታጠቡ። መደብ አትርገጡ፤ ሰው ስታገኙ ሰላምታ ስጡ። አትክልተኛውን ሽማግሌ ካገኛችኋቸውም «አባባ፣ እንዴት ዋሉ» በሉልን።